አልፈልግም የሚባልበት ቀን

ሜይ 4፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ጽጌረዳውን ከረከምኩ። ኢኒድ ደወለች... ድምጿ ቀጥኗል። "ሙሪዬ፣ ቶሎ ነይ። ለገና አትደርሺም ብሎኛል ሐኪሙ። ብቻዬን ባልሞት ደስ ይለኛል" አለችና ሳቀች። እህቴ እንዲህ ናት። ሰኞ በባቡር እመጣለሁ አልኳት።

ሜይ 6
የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ምክር ቤቱ የዓመቱ ከንቲባ አድርጎ መረጠኝ። ተራሽ ነው ተባልኩ። ሥልጣን የለው፣ ሥራ የለው... ካባና ሰንሰለት ብቻ። ግን ከንቲባ ዓመቱን ሙሉ ከከተማችን ከዌልስተን ውጭ አያድርም።
የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ፔምብሪ መጥተው ነገሩኝ። "አልችልም፤ እህቴ ታማለች" አልኳቸው።
"ጎበዝ! ልምምዱን ከአሁኑ ጀመሩታ!"
ምን ልበላቸው? ወጉ ነው። ድሮ ሹመቱ ኪስ ስለሚያራቁት የተመረጠ ሁሉ ይሸሽ ነበር። አንዱማ ከዱቄት በርሜል ውስጥ ተጎትቶ ወጣ ይባላል። ዛሬ ጨዋታ ሆኗል። ተመራጩ "አልፈልግም!" እያለ ይጮኻል፣ ሕዝቡ እየሳቀ ተሸክሞት ይሄዳል። እኔስ በሰዉ ስንቴ ሳቅኩ?

ሜይ 9፣ እሑድ
መጡ። ከበሮ፣ ሆታ። ከደጄ አፈፍ አድርገው ተሸከሙኝ። ጮኽኩ... ከልቤ። "አልፈልግም! እህቴ እየሞተች ነው! ልቀቁኝ!" የአንዱን ክንድ ሳልነክሰው አልቀረሁም። ጭብጨባው! ዳቦ ጋጋሪው ጊልበርት "እንዲህ ያለ እምቢታ በዕድሜዬ አላየሁም፣ ይድገሙት!" ይላል። ሰንሰለቱን አንገቴ ላይ ጣሉት። አለቀስኩ። እንባዬን ሲያዩ ባሰባቸው። በቁሜ ቀበሩኝ።

ሜይ 10
ባቡሩ ሄደ። እኔ የአበባ ትርኢት መርቄ ከፈትኩ።
ማታ ኢኒድ ደወለች። ጎረቤቷ የትናንቱን ሆታ ቪዲዮ አሳይታታለች። አልሳቀችም።
"የምርሽን ነበር፣ አይደል?"


ሜይ 11
ብሄድ ከተማው ምን ይለኛል? እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ... ሰላም የሚለኝ ይኖር ይሆን? ፈራሁ።
ጩኸቱን ለምደውታል። ቀስ ብዬ ብናገርስ?

ሜይ 13
ትናንት ጠዋት ሰንሰለቱን አቶ ፔምብሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ድምፄን ሳላነሳ "አልፈልግም" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተለወጠ።
"ይሄ እኮ... ወጉ አይደለም፣ ወይዘሮ ሙሪየል።"
"አይደለም" ብዬ ወጣሁ። ጊልበርት መንገድ ላይ አየኝና ፊቱን አዞረብኝ። ከፋኝ። ቢሆንም ባቡሩ ደረሰልኝ።
ዛሬ የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ጽሑፌ ተንጋዷል። ቀኙን ኢኒድ ይዛው ተኝታለች።