ወደ ውጭ የሚከፈቱት በሮች

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ ኡምሀኒ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ፣ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳልስ እንዴት ነው? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ ሐኪሙ ያዘዘላትን ቅባት አሁንም ላመመው ጎረቤት ሁሉ እያደለች ነው? ባለቤትሽ ሀይረዲን መንገድ ላይ ነው ወይስ ቤት ገብቷል? ልጃችን ሙንተሃስ ትምህርቱን እንዴት ይዛዋለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አንቺ እንደምትፈሪውም አልከሳሁም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈው ትዪ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በስልክ አታስጨርሺኝም። እኔ አንድ ነገር ስጀምር አንቺ ሦስት ትመልሻለሽ፤ ከዚያ «በል ካርድህን አትጨርስ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ግን አታቋርጪውም። ይህን የሚያደርስልሽ ብረት ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣ የሠፈራችን ሾፌር ነውና ሻይሽን ሳይጠጣ እንዳትለቂው።

የምጽፍልሽ ስለዚያ ቦታ ነው። የትራንስፖርት ማኅበሩ የስምሪት ጸሐፊ ሲለቅ፣ ቦታውን እስከ ኅዳር መጨረሻ ለእኔ እንዲያቆይልሽ ሊቀመንበሩን ለምነሽ አሳምነሻል። የሙከራ ጊዜህ ሊያልቅ ነው፣ ቢያሰናብቱህ እዚያ ማን አለህ፣ ና አገርህ ግባ አልሽኝ። አልተቀየምኩም፤ ስጋትሽ ይገባኛል። የያዝኩት የክሊኒክ በሮች ሥራ ሳያልቅ ግን መልስ አልሰጥም ብዬሽ ነበር። አሁን አልቋል፤ መልሱም አለኝ። መጀመሪያ የሆነውን ላጫውትሽ፣ አለዚያ መልሱ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስልሻል።

የምሠራው አቃቂ በሰቃ ባለው የጋሽ ጀቤሳ ብረታ ብረት ቤት፣ ስዕል ክፍል ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። እኛ የበርና የመስኮት ስዕል አውቶካድ በሚባል የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም እናወጣለን፤ ብየዳ ቤቱ በስዕሉ ልክ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። የክፍሉ ኃላፊ ሊዲያ የምትባል ኢንጂነር ናት፤ ትዕግሥቷ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር። የቤታችን አመል ደግሞ ይህ ነው፦ አዲስ ሥራ ሲመጣ ማንም ከባዶ አይጀምርም። ያለፈውን ሥራ ስዕል እንዳለ ያነሳና አዲሱ ውስጥ ይከተዋል። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ስለዚህ ማጠፊያው በሩ ውስጥ፣ በሩ ክፍሉ ውስጥ፣ ክፍሉ ፎቁ ውስጥ፣ ፎቁ ሕንፃው ውስጥ ተቋጥሮ ነው የሚገኘው። እያንዳንዱን ቋጠሮ ብሎክ እንለዋለን።

ታዲያ ማጠፊያውን ልንካ ብለሽ ስትጫኚ ፕሮግራሙ ሕንፃውን በሙሉ ይይዝልሻል። እማዬ ቀለበቷን በመሀረብ፣ መሀረቡን በጣሳ፣ ጣሳውን በኩርቱ ፌስታል፣ ፌስታሉን ከሳጥኑ ሥር እንደምትደብቀው በይው። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየፈቱ መግባት ይቻላል፣ ግን ማን ትዕግሥት አለው? እኛ ቤት የተለመደው ማፈንዳት ነው፤ ይህም ሳጥኑን መሀል ወለል ላይ መገልበጥ ማለት ነው። ቀለበቱ ይገኛል፣ የቀረው ግን የቱ ከየት እንደወጣ አይታወቅም። የፈነዳ ስዕል ዝም ብሎ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ስንት በር እንዳለው እንኳ ፕሮግራሙ ሊነግርሽ አይችልም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ኮዬ ፈጬ ለሚሠራ አንድ የግል ክሊኒክ በሮቹን ሁሉ እንድንሠራ ታዘዝን። ስዕሉ አልቆ ብረቱ ከገባ በኋላ የክሊኒኩ ባለቤት የሆነችው ሐኪም መጣችና የሕመምተኞቹ ሽንት ቤት በሮች ብቻ ወደ ውጭ ይከፈቱልኝ አለች። ምክንያቷ ቀላል አይደለም። ሰው እዚያ ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር በገዛ ገላው ይዘጋዋል፤ ከውጭ ያለው አይደርስለትም። የመኝታ ክፍሎቹ በሮች ግን እንደነበሩ ወደ ውስጥ ይከፈቱ፤ አለዚያ በኮሪደሩ ቃሬዛ አያልፍም አለች። ጋሽ ጀቤሳ ሊዲያን እንደገና ለመሳል ምን ያህል ይፈጃል ብለው ሲጠይቋት እኔ ጣልቃ ገባሁ። ሳናፈነዳ፣ የመረጥነውን ብቻ እንዲነካ ፕሮግራሙን የሚያዝ ኮድ እጽፋለሁ አልኳቸው። እሳቸውም የሙከራ ጊዜህ እያለቀ ነው፣ በዚሁ እናይሃለን አሉ። አየሽ፣ አፌን የወረስኩት ከአንቺ ነው።

ኮዱን ጻፍኩት። ደስ የሚል ነገር ነው እትዬ። ማጠፊያውን ስትነኪው ቋጠሮውን ሁሉ ሳይፈታ ዘልቆ ይገባና፣ ይህ ማጠፊያ የዚህ በር ነው፣ በሩ የዚህ ክፍል፣ ክፍሉ የዚህ ፎቅ እያለ እስከ ሕንፃው ድረስ ዘሩን ይቆጥርልሻል። አንዱን የሽንት ቤት በር መረጥኩ፤ ወደ ውጭ ተከፈተ። አጠገቡ ያለው የሽንት ቤት በርም አብሮ ሲዞር፣ ሥራ አቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የመኝታ ክፍሎቹን ዞር ብዬ አላየሁም። አትመን ለብየዳ ቤት ሰጠን።

በማግስቱ ሊዲያ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የመኝታ ክፍሎቹ በሮች ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ተከፍተዋል። ነገሩ ያው አመላችን ነው፤ የሽንት ቤቱም የመኝታውም በር ከአንድ አሮጌ ሥራ የመጣ አንድ በር ነው። ፕሮግራሙ ያንኑ በር በየቦታው ያሳያል እንጂ ሌላ በር የለውም። እኔ ዋናውን ስነካ ሁሉም ተነካ። ወደ ብየዳ ቤት ስንሮጥ ሁንዴ የሚባለው በያጅ ስዕላችንን አምኖ የመኝታ ክፍሎቹን ማጠፊያዎች በተሳሳተው ጎን መበየድ ጀምሯል። ያን ሰዓት ያቆየሽልኝ ቦታ ዓይኔ ላይ መጣ፣ አልደብቅሽም።

ጋሽ ጀቤሳ መጥተው ፍሬሞቹን አዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ እሳቸው ግን «ይኼ ነገር ይቻላል አይቻልም? ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። ይቻላል አልኩ። ሊዲያ ከጎኔ ቆማ እኔም ይቻላል ባይ ነኝ አለች። ያቺን ቃሏን ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ሁንዴ እያጉረመረመ የበየደውን በብረት መቁረጫው በግራይንደር ሲፈልጥ፣ እኛ ተመልሰን ተቀመጥን። ጥፋቴን ያሳየችኝ እሷ ናት። በሩን ብቻ ለይቶ መቅዳት አይበቃም፤ በሩን የያዘውን ክፍልም፣ ክፍሉን የያዘውን ፎቅም በአዲስ ስም እየቀዱ መውጣት ያስፈልጋል። ኮዱን በዚያው መንገድ አስተካከልኩት። አሁን አንዱን ስትመርጪ ለእሱና ለያዙት ብቻ አዲስ ስም ያወጣል፣ በቦታውም ይተክላቸዋል። የቀረው ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጊዜ ግን እያንዳንዱን ፎቅ አብረን አየነው፤ ከሊዲያ ጋር በር በር እየቆጠርን።

ባለፈው ሳምንት በሮቹ ተገጠሙ። ሐኪሟ ሁሉንም እየከፈተችና እየዘጋች ዞረች። አንዱ ሽንት ቤት ጋ ስትደርስ ገብታ ዘጋችው፤ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስቲ ክፈቱት አለች። ጋሽ ጀቤሳ ሳቡት፤ ተከፈተ። ነጭ ጋዋኗን አራግፋ ተነሳችና ወደሚቀጥለው ሄደች። ስንመለስ ጋሽ ጀቤሳ መኪና ውስጥ «ከታኅሣሥ ጀምሮ ቋሚ ነህ። ኮዱን ለሌሎቹም አስተምራቸው፣ ማፈንዳት ይቁም» አሉኝ። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ፤ ፊቴን እንዳያዩብኝ ነው።

ስለዚህ አልመጣም። ቦታውን ግን እንዳትመልሺው፤ አንቺ ግቢበት። አትሳቂ። ሻይ ቤትሽ ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ነው፤ ሾፌሮቹ ቁልፍ የሚተዉት አንቺ ጋ ነው፤ የትኛው መኪና ሰመራ ደረሰ፣ የትኛው ጭነት እየጠበቀ ነው ቢባል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ጸሐፊው ከለቀቀ ወዲህ ሊቀመንበሩ ራሱ ብቅ እያለ የሚጠይቀው ማንን ነው? አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሻል። እኔ እንድማር ብለሽ ሻይ ማፍላት ከጀመርሽ ወዲህ፣ ለአንቺም ሥራ እንደሚፈለግ ሁላችንም ረሳነው፤ አንቺም ረሳሽው። ለእኔ ያን ያህል የለመንሽውን ሰውዬ ለራስሽ አንድ ቀን አናግሪው። ሻይ ቤቱን የሀይረዲን እህት ትያዘው፤ አሁንም ቢሆን ግማሹን ቀን እሷው ናት ያለችው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ዱዓዋ እንደደረሰልኝም ንገሪልኝ። ሀይረዲንን ሰላም በይው፤ ይህን ደብዳቤ ያንብበው፣ ከእኔ ወገን እንደሚሆን አልጠራጠርም። ሙንተሃን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። የሀይረዲንን እህትም፣ ጎረቤቶቻችንንም በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ሰኞ ጠዋት በአንቺ ስልክ አልደውልም። የምደውለው በማኅበሩ ቢሮ ስልክ ነው፤ አንሺው።

ወንድምሽ ፈርሃት
አቃቂ በሰቃ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.