የእትዬ ብርቄ ቀሚስና የጎን ትርፉ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8፤ ጠዋት

መኪናዬ ዛሬም ክር ትበጥሳለች። ዘይት ጠምቷታል መሰለኝ። የተቆረጠ ቀሚስ ተከምሯል፤ ሁሉም ለጥር ሠርግ፣ ሁሉም «ለነገ»። እኔ ግን የእትዬ ብርቄን ሳልጨርስ የማንንም አልነካም። ታላቅ እህቴ ናት፣ ሙሽራዋም ልጇ። የፈለገ ይቀየም።

ልኳን ወሰድኩ። አንቺ ማስታወሻ፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞረው ዓይኔን አላመንኩም። ሳትከሳ በፊት በሱቄ በር የምትገባው በጎኗ ነበር። (አጋነንኩ። ትንሽ።) እናታችን በስኳር እግሯ ተቆርጦ ነው የሞተችው። የእትዬም ስኳር መውጣቱ ሲነገራት እናታችን የሞተችበትን አልጋ አስታወሰችና ቆርጣ ተነሣች። ጎህ ሲቀድ የጎሬን መንገድ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። በመቱ ዝናብ! በዚያ ጭቃ! ጮማ ቀረ፣ ለስላሳ ቀረ። መርፌውም ቀርቶላት አሁን በኪኒን ብቻ ናት። እኔ ግማሽ ዳገት ላይ ባጃጅ የምጠራ ሰው ነኝ። እጅ ነሥቻለሁ።

ያገራችን ሰው ግን መክሳት አይገባውም። ባለፈው ሳምንት የዕድር ሴቶች ገንፎና የያዮ ማር ይዘው ሊጠይቋት መጡ፤ እንደ በሽተኛ! ተደርድረው ተቀምጠው «እግዜር ይማርሽ» አሏት። ሳቋን ውጣ አሜን አለች። ገንፎውን እኔ በላሁት። ማሩንም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ተጣላን። ትርፉን ቁረጪው አለችኝ።

ልንገርሽ፤ ልብስ ሲሰፋ በየጎኑ፣ ከስፌቱ ወዲያ በውስጥ በኩል፣ ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ ይተዋል። ሰውየው ሲወፍር ይለቀቅለታል። እዚህ ትርፍ ያልተወ ልብስ ሰፊ ደንበኛ አያገኝም፤ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው። እትዬ ግን መመለሻ አልፈልግም አለች። ትርፍ እንዳለ ካወቅሁ እዘናጋለሁ፣ አለች። እንቢ አልኩ። እጄም ልቤም አይታዘዘኝም አልኳት። አኩርፋ ሄደች። ስታኮርፍ ቁርጥ እናቴን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14፤ ከሰዓት

ጉድ ስሚ። ከገበያ ስመለስ እትዬ ሱቄ ውስጥ ቆማለች። መቀሱ እጇ ላይ፣ ትርፉ መሬት ላይ። ግራና ቀኙን እስከ ስፌቱ አፍ ጠርጋዋለች። ጮህኩባት። እሷ ምንም አልመሰላትም፤ አሁን ወደኋላ የለም አለችና ቁርጥራጩን ለቅማ ወጣች።

እንዳይተረተር ጫፉን ደግሜ ሰፋሁት። ስሰፋ ተሳደብኩ። ስጨርስ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ወኔ እኔ ቢኖረኝ ይሄኔ የት በደረስኩ!

ሐሙስ፣ ጥር 1

ልትለካው መጣች። ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ።

ሳቢ አለች፤ ሳብኩ። ትንፋሽሽን ዋጪ አልኩ፤ ዋጠች። አልሄደም።

የገና ዶሮ ነው ብዬ ነበር። ግን ከትላንት ወዲያ አጠገቧ ነበርኩ፤ አንዲት ብልት ቆንጥራ ተነሣች። ዳገቱንም አልተወችም። ያው ምግብ፣ ያው መንገድ፣ ገላዋ ግን ቀስ እያለ ይመለሳል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከእናታችን ቀብር ወዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። «ገላዬ ከዳኝ» አለች። ወፍራም ሆና ሠርግ መሄድ አይደለም ያስፈራት፤ የእናቴ አልጋ ነው። ነጠላዋን አለበስኳትና እስከ ቤቷ ሸኘኋት።

ሰኞ፣ ጥር 5፤ ማታ



ለካ እትዬ ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አቁማለች። ኪኒኗን እየዋጠች፣ በባዶ ሆድ! ለቀሚሱ ስትል፣ ጎኑ ላይ የሚለቀቅ ትርፍ ስለሌለው። ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ወደቀች። በባጃጅ ያነሣት ሰው ጤና ጣቢያ አድርሶ ደወለልኝ። ስኳሯ ወርዶ ነው። ስደርስ ስኳር የበዛበት ሻይ እያጠጧት ነበር። ሲስተር ጫልቱ፣ የስኳር ክትትሏን የያዘችው ነርስ፣ መጀመሪያ ተቆጣች፤ «አዴ ብርቄ፣ ኪኒን ውጠው እንዴት ይጾማሉ?» ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማንም ያልነገረንን ነገረችን።

እንደገባኝ ልጻፈው። ሰው ሲከሳ ገላው ረሃብ የገባ ይመስለዋል። ሆን ብለሽ ይሁን አዝመራ ጠፍቶ፣ አይለይም። ስለዚህ ይቆጥባል። ያንኑ ዳገት ስትወጪ ከድሮው ያነሰ ያቃጥላል፤ የምትሸከሚው ገላም ቀሏል። የሚያስርበው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ይቀንሳል። ይህም የሰሞን ነገር አይደለም፤ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከድሮም ቀጭን የነበረች ሴት የምትበላው እንኳ ለእትዬ ሊበዛባት ይችላል። ጨርሶ መራብ ደግሞ ጡንቻ ይበላል፤ ጡንቻ ሲያልቅ ገላ ይብሱን ይቆጥባል።

እትዬ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ ታዲያ ስንፍናዬ አይደለም? ሲስተር ሳቀች። «ስንፍና? እርስዎ? ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ። ከጣሉት የተመለሰው ጥቂቱ ነው። ስኳርዎም እስከ ዛሬ ጥሩ ነበር።» ትንሽ መመለሱ ያለ ነው አለች፤ ዋናው እዚያ ላይ መያዝ ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፤ በሰዓቱ፣ ሳይዘለል። መራመድ ብቻ ሳይሆን ከበድ ያለ ነገር ማንሣት። እንቅልፍ። ኪኒኑንም ሐኪሙ እንዲያየው ቀጠሮ ያዘችላት።

ባጃጅ ውስጥ እጇን ይዤ አሰብኩ። እኔ ምሳ በልቼ ረሃብን እረሳዋለሁ። እሷ ከማዕድ ስትነሣም ሆዷ ይጣራል፤ በማግሥቱም ዳገቱን ትወጣለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትከሳ ነበር ያደነቅኳት። የሚደነቀው ለካ ከዚያ ወዲህ ያለው ኖሯል። እህቴን ወደድኳት። ድሮም እወዳታለሁ፤ ዛሬ ግን ሌላ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ሠርጉ እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ነው። ቀሚሱ እንዳለ አለ። ትርፍ የለም፤ ከዚያው ጨርቅ ብፈልግ ሱቁ ሁሉ ጨርሷል።

ከሰዓት ሳጥኔን ስከፍት እትዬ ሳትከሳ ትለብሰው የነበረው ትልቁ ቀሚሷ ወጣ። መወልወያ አድርጊው ብላ ወርውራልኝ ነበር፤ አልጨከንኩም። አረንጓዴ ጥበቡ አሁንም ያምራል። አዲሱ ወርቃማ ነው። አይገጥምም። ግን ከአሮጌው ከየጎኑ ቀጭን ቁራጭ ባስገባስ? ክንዷ ይሸፍነዋል፣ ነጠላም አለ። ማን ያያል?

እትዬ ዘንድ ሮጥኩ። ባቄላ እየበላች አገኘኋት፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ራሷ ከቦኖ ያመጣችው። እኔን ስታይ አንዱን አንሥታ አሳየችኝ፤ እንደ ጎረምሳ! ሐሳቤን ነገርኳት። አሮጌውን ቀሚስ ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው። ትቀየመኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጥበቡን ወደ ውስጥ አትደብቂው፣ ወደ ውጭ አድርጊው አለች። የዕድር ሴቶች ምን ይላሉ አልኩ። ገንፎ ከማምጣት ይሻላል፣ ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ አለች።

ዓርብ፣ ጥር 9፤ ጠዋት

ገጠምኩት። በግራም በቀኝም ከብብት እስከ ታች አረንጓዴ መስመር። ለበሰች። ዚፑ ሽቅብ አለ። መስታወቱ ፊት ቆማ ክንዷን አነሣች፣ ዞረች፣ ደግማ ዞረች። አንቺ ማስታወሻ፣ ስንት ሙሽራ አልብሻለሁ፤ እንዲህ ያማረ ሰው አላየሁም። ነገ ዳገቱን አብሬሽ ልውጣ አልኳት። ባጃጁን አሁኑኑ ጥሪው አለችኝ።

ጨረስን ብዬ የአረንጓዴውን ቁራጭ ጫፍ በውስጥ በኩል ልከረክም መቀሴን አነሣሁ። እጄን ያዘችኝ።

«ትርፍ ተዪበት» አለች።

ሁለት ጣት ተውኩ።