በጣቴ የገዛሁት ምስር

ይድረስ ለእስቴዋ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የባለቤትሽ ወገብስ ተሻለው? እኔና ልጆቼ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። በወረቀት የጻፍኩልሽ ቴሌግራሙን ስለዘጋሽብኝ ነው።

በእህል ነጋዴዎች ግሩፕ ውስጥ የሆነውን አልረሳሽውም። የባቄላ ዋጋ በድምፅ ስትነግሪን ምላስሽ ያዘሽ። የወገዳው ይስማው ድምፅሽን እያስመሰለ፣ መኪናዋ አልነሳ ብላለች፣ ወርዳችሁ ግፏት አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ደግሞ፣ እሷ የነገረችን ዋጋ ልክ ነው፤ የአንተን የተፈታ ምላስ አምነን ግን ስንቴ ከስረን ተመለስን አልኩት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የጠበቃ ፈቃዷን ታሳየን አሉ። ይስማው፣ ባሏንም የገደለችው በዚሁ ምላሷ ነው አለ። ገበያ ያሳደገኝ ነኝ፣ ስድብ አይጥለኝም። ግን ከዚያ ቃል ሥር የሚስቅ ፊት ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ባሌ የሞተ ሰሞን ተያይተን ሳናውቅ በስልክ ያጽናናሽኝም አንቺ ነሽ፤ ያኔ ምላስሽ አንዴም አልያዘሽም ነበር። ይስማው ከግሩፑ ሲያስወጣኝ ዝም አልሽ።

ፈርታ ነው አልኩ። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ባለፈው ቅዳሜ እስቴ ድረስ፣ ከተማችሁ መካነ ኢየሱስ መጣሁ። ሱቅሽን አጠያይቄ ስገባ ገዢ ታነጋግሪ ነበር፤ በድምፅሽ አወቅሁሽ። እኔም አፌን ብከፍት ታውቂኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ምስሩን በጣቴ አሳየሁሽ።

አጠገቤ የቆመው ሰውዬ፣ ድዳ ናት፣ ዋጋ ጨምሪባት፣ አትከራከርሽም ብሎ ሳቀ። መስፈሪያውን አስቀመጥሽ። እየተንተባተብሽ፣ በሰው አፍ አይቀለድም፣ አንተ ባለጌ፣ ውጣልኝ አልሽው። ሌሎቹ ገዢዎች አንቺኑ እያዩ ፈገግ አሉ፤ ግድ አልሰጠሽም። ሰውዬው ወጣ። ለእኔ ጨምረሽ ሰፈርሽልኝ፣ እጄንም ጨበጥ አድርገሽ አይዞሽ እህቴ አልሽኝ።

ስሳፈር ፈርታ ነው የሚለውን ለራሴ ልደግመው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ለባለቤትሽ ምሕረቱን ያውርድለት። ልጆችሽ ይደጉልሽ፤ ለተገፋ የምትቆሚበትን ጉልበት አምላክ አይንሳሽ። ምስሩ ጥሩ ነው፣ ድንጋይ የለውም።

ደንበኛሽ፣
ከንፋስ መውጫ