ሳሎን ውስጥ ያሞገስኩህ ቀን

ሰይዴ፣ የሀያት አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አላህ ይዘንልህ ብዬ ልጀምርና፣ ደከመኝ ልበልህ። ደከመኝ የምለው ሰው አጣሁ። ለልጅ ሲነግሩት ይጨነቃል፣ ለጎረቤት ሲነግሩት ወሬ ይሆናል።

ቤታችን እንዳለ ነው፤ አጥሩ ብቻ በዝናቡ ጎበጠ። ታክሲህን ወንድምህ ይነዳታል፣ ከመገናኛ ኮተቤ እንደ ድሮው ትመላለሳለች። ባለፈው የካ ቆሜ ስጠብቅ እሷው መጣች። ጋቢናው ላይ ሰው ተቀምጦ ሳይ መግባት አቃተኝና የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

ጋቢናው የእኔ ነበራ። እሑድ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ወደ እንጦጦ ይዘኸኝ ትወጣ ነበር። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ቃል አይወጣህም፤ ዓይንህ መንገዱ ላይ፣ እጅህ መሪው ላይ ሲሆን ግን ታወራለህ። አባትህ ሲሞቱ ሰው ፊት አላለቅስም ብለህ እንባህን እንደዋጥክ፣ እስካሁንም እንደሚቆጭህ የነገርከኝ እዚያ ነው። ሰው ጭነህ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑ ቢከዳኝስ እያልክ እንደምትፈራም እዚያ ነገርከኝ። ያገባሁህ ኮስታራነትህን ወድጄ ነው። የወደድኩህ ግን እዚያ ዳገት ላይ፣ ስታወራ ነው። ይህን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩህም።

የነገርኩህማ ሌላ ነው። ሀያት ትምህርቷን ጨርሳ የደገስን ዕለት እህቶቼ ሳሎን ተቀምጠው ባሎቻቸውን ያማሉ። አንዷ፣ ባሏ ራሱን ባመመው ቁጥር ቤቱን እንደሚያምስ ተናገረች። እኔም አፌን ሞልቼ፣ «የእኔ ሰው ቢሞት እንኳ አመመኝ አይልም፣ ወንድ ነው» አልኩ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመሃል። ፈገግ አልክ። ደስ ብሎህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋቢና ውስጥም ወሬህ አጠረ። እኔ ሥራው የሰለቸህ መስሎኝ ነበር። ለካ ደረትህን ሲወጋህ ከርሞ ለወንድምህ ብቻ ነግረህ፣ ለእኔ እንዳይነግረኝ አስምለኸዋል። ያወቅሁት ከቀብርህ በኋላ ነው። መኪናዋ ትንሽ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ጋራዥ የምትሮጥ ሰው! አንዳንዴ በአንተ እናደዳለሁ፣ ከዚያ በራሴ እናደዳለሁ፤ ሁለቱም ያደክመኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ በሀያት ምክንያት ነው። ኮተቤ አብሯት የተማረ፣ አሁን አስተማሪ የሆነ ልጅ ሽማግሌ ልላክ ብሏል። ትወደዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ሰሞኑን ግን ሽማግሌ አትላክ ልትለው ተነሳች። ምን አጠፋ ብዬ ብጠይቃት፣ ቤት ማስተዳደር ያቅተኝ ይሆን ብሎ እንቅልፍ እንዳጣ እንደነገራት፣ ዓይኑም እንባ እንዳቀረረ አወራችኝ። «እማዬ፣ ከዚያ ወዲህ ሳየው ልቤ ቀዘቀዘ። አባቴ እንዲህ ነበር?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ከማን ተማረችው?

ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። ልጅህ ምንም የማይበግረው አባት ነበረኝ ብላ ነው የምትጽናናው፤ ያንን መንካት ፈራሁ። ግን ነገርኳት። የእንጦጦውን ፍርሃትህን፣ በሩ ላይ ቆመህ ፈገግ ማለትህን፣ ለወንድምህ የነገርከውን፣ ሁሉንም። «ሰምቶሽ ነው እንግዲህ የደበቀሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እንዲህ ያለ አዎ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ብዙም አልተናገረች፣ ስታዳምጥ ቆየች። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ።

ዱዓዬ አይለይህም። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ግን ከእንግዲህ ፍርሃት የማያውቅ ሰው ነበር አልልም። ይፈራ ነበር፣ ለእኔም ይነግረኝ ነበር፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ እላለሁ። እኔ የማስታውስህ እንደዚያ አድርጌ ነው።

ዘሃራ