የኖሪን ስምንተኛ ሲዲ

ዳሪል፣

እስከ እሑድ ዱሉዝ፣ እናቴ ቤት ነኝ። ኮምፒውተርህን ነካክቼዋለሁ፤ አትቆጣ። አንድ ሲዲ ለመቅዳት ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጅብህ አርጅቶ አይደለም። በእነዚያ ርካሽ ሲዲዎችህ ደጋግሞ ሲሰናከል፣ ራሱን ወደ ቀርፋፋው አሠራር አውርዶ እዚያው ቀርቶ ነበር። መቅጃው የተያያዘበትን መስመር ከኮምፒውተሩ የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ አጥፍቼ ኮምፒውተሩን እንደገና ሳስነሳው፣ መቅጃውን እንደ አዲስ አወቀውና ፈጠነ። አሁን አምስት ደቂቃ ነው።

ሲቀዳ ሌላ ነገር አትክፈትበት። ከፍቅረኛህ ከኖሪን ጋር ቻት ማድረግም ቢሆን።
በተለይ እሱን።

ፍሪጅ ውስጥ ፒዛ አለ።

ትናንት አንተ ደጅ በረዶ ስትጠርግ ኖሪን ኩሽና ውስጥ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "ዘፈኑንማ ማንም ይቀዳል። እኔን የማረከኝ ዳሪል ሽፋኑ ላይ ከየዘፈኑ አጠገብ የሚጽፋት ነገር ናት። እሷን ሳላነብ አልተኛም።"
ሳቅሁ።

"የኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፣ በናትህ አንተ ጻፍልኝ" እያልክ ስትለምነኝ እስካሁን የሰጠሃትን የሰባቱንም ሲዲ ሽፋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ቃል ከየት እንደማመጣው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም።

ስምንተኛውን ዛሬ ጠዋት ቀድቼልሃለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽፋኑን ባዶውን ትቼዋለሁ። እስክሪብቶው አጠገቡ አለ።
ይሄኛውን በራስህ እጅ ጻፍላት።

ዌንደል