የአባባ ቅቤና የአይጦቹ ልብ

ሰኞ

ውጤቱ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ቅቤ የበሉት አይጦች ልብ ተቀይሯል። ስኳር ለማቃጠል የሚያግዙት ፕሮቲኖች ቀንሰዋል፣ የስቡ በዝተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የፕሮቲኖቹን መጠን የሚያሳዩት ጥቁር መስመሮች አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ደብዛዛ። አማካሪዬ «መመረቂያሽ አለቀ በይ» አለኝ።

ቅቤው ግን የአባባ ነው። ኮልፌ ካለው የቅቤ ሱቃችን፣ ከምርጡ መርጠው ለምርምሩ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ማታ ስገባ ሁሌ «አይጦቼ እንዴት ዋሉ?» ይሉኛል። ዛሬም ጠየቁ። «ደህና ናቸው» አልኩ። ልባቸውን ለመመርመር ከገደልናቸው ሰንብቷል፤ ይሄንንም አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ

አሁንም አልነገርኩም። ጠዋት ሱቅ አብሬያቸው ሄድኩ። ከታክሲ ወርደን ዳገቷን ስንወጣ መሃል ላይ ቆሙና ጫማቸውን አወለቁ። «ጠጠር ገባብኝ።» ጫማው ውስጥ ምንም አልነበረም። ግንባራቸው በዚህ ብርድ በላብ ወርዝቷል።

ጴንጤ ስለሆንን እኛ ቤት እንደ ጎረቤቶቻችን የጾም ወራት የሉም። ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ነው። ጠዋት ገንፎ፣ ምሳ ክትፎ፣ ማታ ጎመኑ ራሱ ቅቤ ውስጥ ይዋኛል። አማካሪዬ «የአይጥ ልብ የሰው ልብ አይደለም» ይላል። አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት ግን የአባባን ልብ ነው።

ረቡዕ

ነገርኳቸው። ከእራት በኋላ የመስመሮቹን ምስል በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ቅቤዬ ላይ ባዕድ ነገር ተገኘ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ሙዝ የሚደባልቁ አሉ። እኔ ግን አንድም ቀን...»

«አባባ፣ ቅቤውማ ንጹሕ ነው። መብዛቱ ነው። በየቀኑ ያለ ፋታ ሰጠናቸው። ልባቸው ስብ ላይ ብቻ ተንጠለጠለ፣ ሥራው ከበደው። እርስዎም ቢመረመሩ...»

«አሁን ደግሞ እኔን አይጥ አደረግሽኝ!» ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡ።

እማዬ ሳህን እያነሳች፣ «ደረቱን ይይዘዋል እኮ» አለች። «ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው።»

አለቀስኩ። ትንሽ።

ሐሙስ

አኩርፈውኛል። ሱቅም ብቻቸውን ሄዱ። ላብራቶሪ ገባሁ፣ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ።

ከሰዓት ስልኬ ጠራ። አባባ ናቸው። «ልብ የሚመረመር ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚሄደው?»

«አዎ» አልኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ነገ ጠዋት ገንፏቸውን በልተው ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈርቼ ነው።

ዓርብ

ክሊኒክ፣ ከአባባና ከእማዬ ጋር። ሐኪሟ ወጣት ናት። በአልትራሳውንድ ልባቸውን አሳየችን። ስንት የአይጥ ልብ በእጄ ይዣለሁ፣ የአባቴን ልብ ሲመታ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ግድግዳው ወፈር ብሏል። የደም ግፊታቸውም ከፍ ያለ ነው። ፕሮቲኖቹ እንዴት እንደሆኑ ማሽኑ አያሳይም፣ እኔም አልጠየቅኩም። «በጊዜ መጥተዋል» አለች ሐኪሟ። መድኃኒት፣ የእግር ጉዞ፣ ቅቤ መቀነስ።

«ሥራዬስ?» አሉ አባባ ደንግጠው።

«መሸጡን ማን ከለከለዎት?»

አባባ ሳቁ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ የመድኃኒቱን ማዘዣ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ነበር።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ አስኮ ያለው ቤቷ ጋበዘችን። ክትፎ ቀረበ። አባባ ሁለት ጉርሻ በሉና ወደ ጎመኑ ዞሩ። አክስቴ «ወንድሜን ምን አስነካችሁት?» ብላ ጮኸች። አባባ ራሳቸው «ልቤን አሞኛል» አሏት። በቃ፣ እንዲህ ቀለል አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ጽሑፍሽ ላይ ቅቤው ከየት እንደመጣ ይጻፋል?»

«ይጻፋል። ካልፈለጉ ግን የሱቁን ስም እተወዋለሁ።»

በመስኮት ውጭ ውጭውን ያዩ ጀመር። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ልንደርስ ስንል፣ «ጻፊው» አሉ። «ንጹሕ መሆኑንም ጨምሪበት።»

መድኃኒቱን ዛሬ ማንም ሳይለምናቸው ዋጡ። ነገ እንጃ። እኔ ግን ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።