የአባ ሐምዳን ሁለት ጥርሶች

ኅዳር 6
አኩሪ አተር ወደ ማኅበሩ መጋዘን መግባት ጀመረ። ዘጠኝ ሰው መጣ፣ አራቱን መለስኩ። የእርጥበት መለኪያው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ይላል። እርጥበቱ ከአሥራ ሦስት ካለፈ አይገባም፣ በቃ። አምና የዘይት ፋብሪካው መኪናችንን ከነጭነቱ የመለሰው በሻጋታ አይደል?

ሊቀመንበራችን ብኸይታ፣ "ገመቺስ፣ ቀስ በል። ሰው ይከፋዋል" አለችኝ። ይከፋው። ጥራት ተቆጣጣሪ ያደረጋችሁኝ እንድስቅላችሁ ነው?

መለኪያው የመጣልን ጥቅምት ላይ፣ በቆሎ ሲገባ ነው። የመጣው ሁሉ ቁልፉን ሲነካካብኝ በፕላስተር ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። በዚህስ ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 8
ሰዉ አሁንም ይነክሳል። አንድ ፍሬ አንስቶ በፊት ጥርሱ... ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ጥርስ ከገባበት እርጥብ ነው። አባቴም እንደዚያው ነበር። ግን አምና የሻገተው ሁሉ ተነክሶ የገባ ነው!

ዛሬ አንዱ አፍንጫዬ ስር ነክሶ አሳየኝ። "ሂድና ለዶሮዎችህ አሳይ" አልኩት። አንገቴን አነቀኝ። በጉልበቴ ሆዱን አልኩት። ገላገሉን።

ሜቲ የሸሚዜን ቁልፍ እየተከለች፣ "ከእኔ ጋር ነው የተጋባኸው ወይስ ከመለኪያው?" አለች። አልሳቅኩም።

ኅዳር 11
በጠራራ ፀሐይ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ወረደ። ማን እንደሆነ ባገኘው...

ኅዳር 12
ልጻፈው።

አባ ሐምዳን አሥራ አንድ ጆንያ በአህያ ጋሪ አመጡ። ጆንያዎቹን በመውጊያ ብረት ወጋሁ፣ በጣሳ ናሙና አወጣሁ፣ ለካሁ። አሥራ ስድስት። እሳቸው ደግሞ አንድ ፍሬ አንስተው ነከሱ። ቀጭ አለ። እዚህ እንኳን እውነቱን ልጻፍ... ሰምቼዋለሁ።

"ይሄ ማሽን ጥርስ አለው? ወላሂ ደረቅ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ፀሐይ በላ" አሉ። ሰው ሳቀ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ።

"ኪሎ እንዲጨምርልህ ውሃ አርከፍክፈህበት ነው" አልኳቸው። በሰው ፊት። አንተ ብዬ። ሌባ ብዬ።

በከዘራቸው ትከሻዬን መቱኝ። አንዴ ብቻ። የጆንያ መውጊያው ብረት እጄ ላይ ነበር... አፋቸው ላይ አሳረፍኩት። ሁለት የፊት ጥርስ አኩሪ አተሩ መሃል ወደቀ። ሽማግሌው ተንበርክከው፣ ደማቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ጥርሶቻቸውን በእጃቸው ፈለጉ።

ጋሪያቸውን ከነጆንያው ዋሊድ እየነዳ ሄዱ። የወንድማቸው ልጅ ነው። አንዴ ዞር ብሎ አየኝ።

ኅዳር 13
(በግራ እጄ ነው የምጽፈው።)
ዋሊድ ገጀራ ይዞ መጋዘን ገባ። መጀመሪያ እዚያ የተከመሩትን ጆንያዎች ቀደደ። ቀጥሎ ወደ እኔ። በቀኝ ክንዴ ጋረድኩ፣ ገጀራው እስከ አጥንቱ ገባ። መለኪያውን አንስቼ ፊቱን መታሁት፣ ደግሜ መታሁት። መሬቱ ሁሉ አኩሪ አተር... እየተንሸራተትን ነው የተደባደብነው። ፖሊስ ወሰደው። እኔን አሥራ አራት ቦታ ሰፉኝ።

ሜቲ አላለቀሰችም።

ኅዳር 15
መለኪያውን ላጽዳው ብዬ ተቀመጥኩ። ደም ደርቆበታል። የእኔ ይሁን የዋሊድ... ፕላስተሩን በውሃ ሳርሰው ተላቀቀ። ቁልፉ የቆመው ቁጥር 3 ላይ ነው። ገልብጬ ጀርባው ላይ ያለውን የእህል ዝርዝር አነበብኩ። 3 በቆሎ። 7 አኩሪ አተር።

እንደገና አነበብኩ።

አኩሪ አተሩን ሁሉ በበቆሎ ቁጥር ነው የለካሁት። እንዳይበላሽ ብዬ እኔው ለጥፌበት።

7 ላይ አድርጌ ጣሳው ውስጥ የቀረውን የአባ ሐምዳንን ናሙና ለካሁ። አሥራ ሁለት። ደገምኩ። አሥራ ሁለት።

ማንም አላየም። ዝም ብልስ? ብናገር መለኪያውን ሰባብረው ይጥሉታል፣ ከርሞም ሻጋታ ነው። ለማኅበሩ ብዬ ነው ዝም የምለው? ውሸት። ፈርቼ ነው።

ኅዳር 16
ለሜቲ ነገርኳት። "እኚህ ሽማግሌ ሌባ እንደተባሉ ይሙቱ?" አለችኝ።

ኅዳር 19
ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ፕላስተሩንም አሳየሁ። ከዚያ አንድ ጥፊ፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ እግር... የክንዴ ስፌት ተተረተረ። እጄን አላነሳሁም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

አንዱ መለኪያውን ሊፈጠፍጠው አነሳ። ብኸይታ መንጭቃ ተቀበለችው። "ማሽኑ ምን አደረገ? ቁጥሩን የደበቀው እሱ ነው" አለች፣ በጣቷ እያሳየችኝ። የመለስኳቸው ሁሉ እንዲጠሩ ተወሰነ። አባ ሐምዳን አልመጡም።

ኅዳር 24
ሽማግሌዎች አስታረቁን። ክሴን ስላነሳሁ ዋሊድ ተፈቷል። ግንባሩ ላይ የመለኪያው ጠርዝ ቁስል አለ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

አባ ሐምዳን ካሳ አልፈልግም አሉ። በከንፈራቸው ትንፋሽ እያመለጠ ነው የሚናገሩት። "እኔ ጥርስ የለም። እህል ይዤ ስመጣ መጀመሪያ እሱ ይንከስ። ቀጥሎ ማሽን።" ሽማግሌዎቹ አዩኝ። እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 2
አባ ሐምዳን አሥራ አንዱን ጆንያ መልሰው አመጡ። ሰው ከበበን። ከየጆንያው አንድ አንድ ፍሬ እየመረጡ መዳፌ ላይ አኖሩ። ነከስኩ። ቀጭ። ነከስኩ። ቀጭ። አሥር ጊዜ።

አሥራ አንደኛው ላይ ጥርሴ ገባ። ከታች፣ መሬት ላይ የከረመው ጆንያ ነው። ፊታቸውን አየሁ... የሰበርኩትን አፍ። ምን ልበል? ደረቅ ነው ብዬ መለኪያውን ብዘለው ማን ይጠይቀኛል?

"እርጥብ ነው" አልኩ።

መለኪያውን በሰው ፊት 7 ላይ አድርጌ ለካሁ። አሥራ አምስት። አባ ሐምዳን ቁጥሩን ጎንበስ ብለው አዩት። ቀጥሎ እኔን። ጆንያውን ራሳቸው ጎትተው ጋሪው ላይ መለሱት። ላግዛቸው ስል በክርናቸው ገፉኝ።

ሲሄዱ፣ "ጥርስህን ጠብቅ" አሉኝ። "ብዙ ዓመት እንፈልገዋለን።"

ነገ አኩሪ አተሩን የሚያመጣው ዋሊድ ነው።